ፔዳሉን ቀስ

እሑድ፣ ግንቦት 26 ቀን
ከምሳ በኋላ፣ ሳሎን

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን አለሽልኝ? ባልሽስ? ሥራውስ ቀለል አለልሽ ወይስ አሁንም ቆመሽ ነው የምትበዪው? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ደረጃ ካላየ ደኅና ነው። ደረጃ ሲያይ ግን እንደ ሕፃን ልጅ ማኩረፍ ጀምሯል።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው። ስልክ ላይ አንቺ «እሺ እማዬ፣ ከዚያስ?» ስትዪኝ እኔ መሀል መንገድ ላይ እጠፋና ስለ ጎረቤት ድመት ማውራት እጀምራለሁ። ደግሞ አክስትሽ ቀድማ እንዳትነግርሽ ፈራሁ። ታውቂያት የለ፣ ወሬ እሷ ምላስ ላይ አያድርም። ስለዚህ ሳልዞር ልንገርሽ፦ ክፍልሽ ውስጥ ሰው ገብቷል። ሴት ልጅ ናት፤ አሥራ ስምንት ልትደፍን ጥቂት ቀርቷታል። የመጣችው ከማረሚያ ቤት ነው፤ ያመጣኋትም እኔ ነኝ። በይ እንግዲህ፣ ተቀመጪና ቀሪውን አንብቢ።

ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ እጄ ሥራ ፈትቶ ስላበሳጨኝ፣ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ባሻገር ያለው የሴት ልጆች ማረሚያ ቤት ገብቼ ስፌት ማስተማር መጀመሬን ነግሬሻለሁ። የሰጡኝ ክፍል ድሮ የልብስ ማጠቢያ ነበር። ወለሉ ከአራቱም ማዕዘን ወደ መሀል ያዘነበለ ነው፤ መሀሉ ላይ የውሃ መውረጃ ወንፊት አለ። ወንበር የትም ብታስቀምጪ ትንሽ ቆይቶ ወደ ወንፊቱ መንሸራተቱ አይቀርም። ልጆቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ጀርባ ተሰጣጥተው ይቀመጣሉ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ወለሉ ራሱ ፊት ለፊት አገናኝቷቸው አገኛቸዋለሁ።

ያልነገርኩሽ የመርፌዋን ነገር ነው። እዚያ ቤት መርፌ ሲገባም ሲወጣም ተቆጥሮ ነው። አንድ ቀን ሲቆጠር አንዷ ጎደለች። ባለፊሽካዋ ልጆቹን አሰለፈቻቸው። ባለፊሽካዋ የምንላት የፈረቃው ጠባቂ ናት፤ ፊሽካዋ ከአንገቷ አይወርድም፤ ስሙንም ያወጡላት ልጆቹ ናቸው። ፍራሽ ተገለበጠ፣ ጫማ ተራገፈ፣ ጸጉር ሳይቀር ተፈታ። መርፌ የለም። ያኔ ጣት ሁሉ ቁንዶ ላይ አረፈ። ቁንዶ ማለት ይህችው አሁን ክፍልሽ ውስጥ ያለችው ናት። ስሟ ከቁንዶ በርበሬ የመጣ ነው፤ ትንሽ ናት፣ ግን ታቃጥላለች። በዚያው ሰሞን ከአንዷ ጋር ተደባድባ ስለነበር «ከእሷ ሌላ ማን ይሆናል?» ተባለና ለብቻ ክፍል አስገብተው ዘጉባት። እኔም ብሆን በልቤ እሷው ናት ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቤት ገብቼ ሹራቤን ሳወልቅ መርፌዋ አንገትጌዬ ላይ ተሰክታ ቆማለች። ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ የምሰካበት ቦታ። አባትሽ ስንት ጊዜ ሊያቅፈኝ ብሎ እንደተወጋ ታስታውሺያለሽ። «ሰው ሚስቱን ሲያቅፍ ጓንት ያደርጋል እንዴ?» ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።

በነጋታው በሩ ሳይከፈት ደርሼ ቆምኩ። ልጆቹ፣ ለቁርስ ያህል የተከፈተላት ቁንዶም ሳትቀር፣ ቁርስ ላይ ሳሉ፣ የማረሚያ ቤቱ ኃላፊም ባለፊሽካዋም ባሉበት፣ መርፌዋን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። አንገትጌዬ ላይ እንደነበረች፣ ማንም እንዳልሰረቀ ተናገርኩና ቁንዶን በስሟ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቁንዶ ብቻ አልሳቀችም፤ ዳቦዋን ይዛ አየችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ መርፌ ሆኜ ቀረሁ። ኃላፊዋ ደግሞ ጨዋ ሴት ናት፤ ስለ ሐቀኝነቴ አመስግናኝ ስታበቃ ከእንግዲህ መርፌም መቀስም እዚህ ግቢ አይገባም አለች። በምን ላስተምር ብዬ ብጠይቃት፣ ሰዓቱ የእኔ እንደሆነና የማደርግበትን እኔ እንደማውቅ በትሕትና ነግራኝ ወደ ቢሮዋ ገባች።

እንግዲህ እዪልኝ። አንድ ክፍል ሙሉ ልጆች፣ አንድ ባዶ እጇን የቆመች አሮጊት፣ የሚንሸራተቱ ወንበሮች። ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ።

አባትሽ ካረፈ በኋላ ልቤ እየዘለለ ደረቴ እየጠበበ ስቸገር፣ ከሆስፒታሉ ኮሪደር እየደወልሽ «እማዬ፣ እግርሽን መሬት ላይ አድርጊ። ትንፋሽሽን አታስጨንቂው፤ ሲገባና ሲወጣ ዝም ብለሽ ተመልከቺው» ትዪኝ ነበር። እኔም «ነርስነት የተማርሽው ለዚህ ነው? መድኃኒት የለም ወይ?» እያልኩ ስነጫነጭብሽ ነው የተማርኩት። የገባኝ ግን በስፌት መኪናዬ ነው። ጨርቅን አይጎትቱትም፣ አይገፉትም፤ ከሥር ያሉት ጥርሶች ራሳቸው ይወስዱታል። የሰፊዋ ሥራ እጇን አሳርፋ ማየትና ፔዳሉን ቀስ አድርጋ መርገጥ ነው። ትንፋሽም እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት። ያንን ነው ለልጆቹ የነገርኳቸው። አክስትሽ ይህን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለችኝ። አልተቀየምኳትም። ዳቦ ቤት ወረፋ የነጠቀኝን ሰው ሰባት ትውልዱን የምቆጥር ሴት ስለ እርጋታ ላስተምር ስነሳ ማን አይስቅ?

መጀመሪያ ቀን ገና ከአፌ ሳይወጣ ተሳሳትኩ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አልኳቸው። አንዷም አልጨፈነችም። ግራና ቀኝ ተያዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ጤናዬን የተጠራጠሩ መሰሉ። ቁንዶ ናት የተናገረችው፦

«ዓይኔን ከጨፈንኩ ሳሙናዬን ማን ይጠብቅልኛል?»

እውነቷን ነበር። ሳሙናዋ ካልሲ ውስጥ ታስሮ ጉያዋ ውስጥ ነበር። እዚያ ቤት ሳሙና፣ ማበጠሪያ፣ የተረፈ ዳቦ ሁሉ ከባለቤቱ ጋር ይዞራል። ያን ዕለት ማታ ስደውልልሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሺያለሽ? አታስገድጂያቸው፤ ዓይናቸው ይከፈት፤ መውጣት የፈለገች ትውጣ፤ አታስረዝሚው። ለምን እንደምጠይቅሽ ግን በደንብ አልነገርኩሽም፤ አንቺም ለራሴ መስሎሽ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ጥቅል ቀይ ክር ወንፊቱ ላይ አስቀመጥኩና ይህንን እዩ አልኳቸው። እግራችሁ ፔዳል ላይ እንዳለ አስቡ፤ ልባችሁ ወዲያ ሲሄድ ጣታችሁን ጫን፣ ተረከዛችሁን ጫን፣ ፔዳሉን ቀስ። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም።

ሁሉም ወደደው ብዬ አልዋሽሽም። አንዷ ዝም ስትል የሚመጣባት ነገር ያስፈራታል፤ እሷ በር ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ትሠራለች፤ እኔም ነይ አልላትም። አንዷ ደግሞ ክሩን ባየች በደቂቃ ውስጥ ታንኮራፋለች። ሲሰለቻቸው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እላቸዋለሁ፤ አሁንማ አፌን ስከፍት በኅብረት እነሱው ይጨርሱልኛል። ብቻ አንድ ቀን ተሳካልን። ክፍሉ ሙሉ ጸጥ አለ። የቧንቧው ጠብታ፣ ከውጭ የመጥረጊያ ድምፅ፣ የራሳችን ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። በዚያው ቅጽበት ፊሽካ ጮኸ፣ በሩ ተበርግዶ ባለፊሽካዋ ሁለት ባልደረቦቿን አስከትላ ዱላዋን ይዛ ገባች።

ኋላ ነው ያስረዳችኝ። እዚያ ቤት ልጆቹ ሲጮኹ ጠባቂዎቹ እፎይ ይላሉ፤ ዝም ሲሉ ግን የሆነ ነገር እየተዶለተ ነው፣ ወይም ሰው ተጎድቷል ማለት ነው። ገብታ ክርና ልጆች ብቻ ስታገኝ ዱላዋን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ምን እየሠራችሁ ነው ብላ ስትጠይቅ ቁንዶ ዓይኗን ከክሩ ሳትነቅል «እየተነፈስን ነው። ክልክል ነው?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ባለፊሽካዋ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ልትጠብቀን ነበር። አሁን አሁን ሳያት ግን ፊሽካዋ ደረቷ ላይ ከእኛ ጋር እኩል ከፍ ዝቅ ይላል። ነገር እንዳይሆን ብዬ ምንም አላልኳትም።

ቁንዶን የወደድኳት ቀስ ብዬ ነው። መጀመሪያ ልቧ አንዴ ከሄደ እንደማይመለስ ነገረችኝ። ያንቺን ቃል ሰርቄ መለስኩላት፦ መሄዱ ጥፋት አይደለም፤ መሄዱን ያወቅሽ ጊዜ ተመልሰሻል። አልመሰላትም። ከዚያ አንድ ቀን ወደ እኔ እየሮጠች መጥታ «እማማ መርፌ፣ ዛሬ ውሃ ወረፋ ላይ አንዷን መታኋት፤ ግን አስቤበት ነው የመታኋት» አለችኝ። ልቆጣ ወይስ ልስቅ? ፔዳሉን ረግጣ፣ እጇ ሲነሳ አይታው፣ «ልምታት ወይስ ልተዋት» ብላ፣ ከዚያ ነው የመታቻት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳትመታ የተመለሰችበትን ቀን ነገረችኝ፤ ያን ቀን ግን ቅር ብሏት ነበር።

የሠራችውን የነገረችኝ ሳልጠይቃት፣ የተፈታ ክር አብረን ስንጠቀልል ነው። የእንጀራ አባቷ እናቷን ይደበድብ ነበር። አንድ ቀን እሳት ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ አንስታ ደፋችበት። አንድ ዓይኑ ጠፋ። እናቷ ፍርድ ቤት ቀርባ የመሰከረችው ለባሏ ነው። ቁንዶ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ክሩ ግን እጇ ላይ ከረረ።

አሥራ ስምንት ስትሞላ ከዚያ ግቢ መውጣቷ ነው፤ ጥያቄው ወዴት የሚለው ነበር። ፍርድ ቤቱ ጠባይዋ መሻሻሉን ካመነና የሚቀበላት ሰው ከተገኘ ወደ ቤት፤ ካልሆነ የቀረውን ጊዜ ልትጨርስ ወደ ትልልቆቹ ወህኒ። እዚያ ከገባች ምን ሆና እንደምትወጣ ባለፊሽካዋ ሳትቀር ታውቃለች። ቁንዶ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፤ «እናቴ ትመጣለች፣ ትወስደኛለች።» እኔም «ብቻ ምንም ቢሉሽ ፔዳሉን እንዳትረሺ» እያልኩ አስጠናኋት። ሳምንቱን ሙሉ ክፉ ቃል እየወረወርኩባት ተለማመድን። ክፉ ቃል ሲያልቅብኝ ጓደኞቿ ያግዙኝ ነበር፤ እነሱማ ምን አጥተው።

የቀጠሮው ዕለት ሄድኩ። ጠባብ ችሎት ነው፣ ወለሉ ጣውላ፣ ዳኛው ጉንፋን ይዞት መሐረቡን ከእጁ አይለይም። ቁንዶ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ከባለፊሽካዋ ጎን ተቀምጣለች፤ ጸጉሯን ልጆቹ ተረባርበው ሠርተውላታል። እናቷ መጥታለች። ቁንዶ ስታያት ፊቷ ላይ የበራውን ነገር ባታዪው ይሻላል። ዳኛው እናትየዋን አስነሥቶ ልጇን ትቀበል እንደሆነ ጠየቃት።

«አልቀበልም» አለች። «እሷ ካለች እሱ ቤት አይገባም። የወሰዳት ይውሰዳት።»

ቤቱ ሁሉ ወደ ቁንዶ ዞረ። ተንቀሳቅሳ ቢሆን፣ አንድ ቃል ብትወረውር፣ ነገሩ ያኔውኑ ባለቀ ነበር። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። የተነሣሁት እኔ ነኝ። ደሜ ፈላ፣ ልጄ። ለእናቷ ያልወረወርኩት ቃል አልቀረኝም፤ ለማን ብላ እሳት ውስጥ እንደገባች፣ ዘጠኝ ወር የተሸከመ ሆድ እንዲህ ይላል ወይ፣ ሌላም ሌላም፣ አንቺ እንዳትሰሚው የምፈልገው ሁሉ። ዳኛው ጠረጴዛውን ቢደበድብ አልሰማሁትም። እኚህን ሴት አስወጡልኝ ሲል ፖሊሱ ክንዴን ያዘኝ፤ እኔ አሁንም እጮኻለሁ።

ያኔ ጣውላው ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ያለ ነው። ጣት፣ ከዚያ ተረከዝ። ጣት፣ ከዚያ ተረከዝ። ቁንዶ ወደ እኔ አልዞረችም፤ ዓይኗ ዳኛው ላይ ነው። እግሯ ብቻ በዚያች የላስቲክ ጫማ ወለሉን ይረግጣል። እናቷ እንደዚያ ብላት፣ እሷ የምትረግጠው ለእኔ ነበር።

እግሬ መሬት ማግኘቱ ታወቀኝ። አፌን ዘጋሁ። ይቅርታ ጠይቄ ልወጣ ስል ዳኛው መሐረቡን አፍንጫው ላይ እንዳደረገ ይቀመጡ የሚል ምልክት ሰጠኝ። ከዚያ ሌላ የሚቀበላት ዘመድ እንዳለ ጠየቀ። ጉዳይዋን የያዘው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ወደ ጫማው አየ። ዘመድ የለም።

«እኔ አለሁ» አልኩ።

ምላሼ ሳያማክረኝ ነው የተናገረው፤ ግን ስሰማው ትክክል ነበር። ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «እርስዎ? አሁን ሲጮኹ የነበሩት?» ሲል ሰዉ ሳቀ። ወደ ቁንዶ ዞሮ እንዲህ ከምትቆጣ ሴት ጋር መኖር ትችል እንደሆነ ጠየቃት። ተነሣች። አንቱታ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ልጅ ናት፤ ዳኛ ፊትም ቢሆን ያው ናት።

«ትቆጣለች» አለች። «ግን ትመለሳለች። መርፌዋንም ራሷ ናት የመለሰችው።»

ዳኛው የምን መርፌ እንደሆነ ግራ ገብቶት ዞር ዞር ሲል ባለፊሽካዋ ብድግ ብላ «እውነቷን ነው፣ ክቡር ዳኛ» አለች። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችም። ዳኛው አስነጠሰ፣ ከዚያ ቤቱ ታይቶ ለኑሮ የሚሆን ከሆነ ትሂድ ብሎ ወሰነ። እናቷ ሳትሰናበታት ወጣች። ቁንዶ እስከ በሩ በዓይኗ ሸኘቻት።

አሁን ልነግርሽ የፈራሁት ጋ ደረስኩ።

ባለሙያው ቤቱን ሊያይ መጣ። ትሑት ወጣት ነው፤ ጫማውን በር ላይ ሊያወልቅ ሲል ነው የከለከልኩት። ወጥ ቤቱን አየ፣ መታጠቢያውን አየ፣ ከዚያ ያንቺን ክፍል ከፈተ። መጽሐፎችሽ በቦታቸው ናቸው። ሰማያዊው ካፖርትሽ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። መጋረጃውን አጥቤ ገና መስቀሌ ነበር። የማነው አለኝ፤ የልጄ አልኩት። የት ናት አለኝ፤ ባሕር ማዶ አልኩት። ቀጥሎ የጠየቀኝ ክፋት ኖሮት አይደለም። ልጅቷን ዛሬ አስገብተን ነገ ክፍሉ ባለቤት ቢመጣበት መልሳ ሜዳ ላይ መውደቋ ነው፤ ፍርድ ቤቱም የሚፈልገው የሚዘልቅ ቦታ ነው። ስለዚህ ጠየቀኝ፦

«ልጅዎ ትመለሳለች?»

ይህን ጥያቄ ሰው ስንት ጊዜ ጠይቆኛል። አክስትሽ፣ ባለዳቦ ቤቷ፣ ጎረቤታችን መካኒኩ። ለሁሉም «ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ» ነው መልሴ፤ ሰዉም ተላምዶታል፣ እኔም ተላምጄዋለሁ። ይህን ሰው ግን እንደዚያ ብለው ልጅቷ ወህኒ ትገባለች። ልቤ መዝለል ጀመረ፣ ያው እንደ ድሮው። ላንቺ መደወል አማረኝ። ደውዬስ ምን እላለሁ? እግሬን አገኘሁት። ጣት፣ ተረከዝ።

«አትመለስም» አልኩት። «እዚያ ቤት አላት፣ ባል አላት፣ ሥራዋን ትወዳለች። ደኅና ናት። ክፍሉ ባዶ ነው።»

አመስግኖኝ ሄደ። እኔ አልጋሽ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አልደብቅሽም። ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ አንሶላውን ቀየርኩ።

የኔ እናት፣ እንዳይከፋሽ። ልወቅስሽ አይደለም የጻፍኩት። አንቺ አልመጣም ብለሽኝ አታውቂም፤ እኔም ትመጫለሽ ወይ ብዬሽ አላውቅም። አንድ ጨርቅ በሁለት ጫፍ ይዘን፣ እንዳይቀደድ ብለን ሁለታችንም ሳንስብ ቆይተናል። አንቺ እዚያ ደስ ብሎሽ እንደምትኖሪ ከድምፅሽ አውቃለሁ፤ እናት አይደለሁ? ደስታሽን የምትነግሪኝ ዝቅ አድርገሽ ነው፣ እኔን እንዳያስከፋኝ። ከእንግዲህ ጮክ ብለሽ ንገሪኝ። እችለዋለሁ።

ቁንዶ ትናንት ገባች። ባለፊሽካዋ ራሷ ናት ያመጣቻት፤ በሩ ላይ ስትሰናበታት ስታቅፋት ፊሽካው መሀላቸው ገብቶ አስቸገራቸው። ያላት ዕቃ አንድ ፌስታል ነው፤ ሳሙናው ያው ካልሲው ውስጥ። ክፍልሽን አይታ በሩ ላይ ቆመች። የማን አልጋ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «ስትመጣስ?» አለች። ስትመጣ እኔ ሳሎን እንደምተኛ፣ እሷ ደግሞ ለሁላችንም ሻይ እንደምታፈላ ነገርኳት። ሻይ ማፍላት እንደምትችል፣ ማንቆርቆሪያ ግን እንደማትነካ ነገረችኝ። እሺ፣ በድስት ይፈላል አልኳት። ካፖርትሽን አላነሣሁትም፤ መጽሐፎችሽንም ወደ ላይኛው መደርደሪያ ነው ያወጣኋቸው፣ የምትፈልጊውን ንገሪኝ።

ማታ እንዳልተኛች ጠዋት አንሶላው ነገረኝ፤ አንድ መጨማደድ አልነበረበትም። ቁርስ ላይ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እንዴት አደርሽ ብላት ቤቱ ጸጥ እንዳለባት ነገረችኝ። እዚያ ሰው ሲያስል፣ ሲያለቅስ፣ በር ሲቆለፍ ነው የለመደችው። ምሳ በላን፣ ሳህን አጠበች፣ ወደ ክፍሉ ገባች። እኔ ይህን ደብዳቤ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

አሁን፣ ከላይ ስለ ባለሙያው የጻፍኩልሽን ስጨርስ፣ ድንገት ቤቱ ጸጥ ማለቱ ታወቀኝ። ምንም ድምፅ የለም። የማን ጠባይ እንደያዘኝ ብታዪ፤ ልክ እንደ ባለፊሽካዋ ልቤ ቆመ። በመስኮት ወጥታ ሄዳለች አልኩ። ጉልበቴን ረስቼ ሮጥኩ፣ በሩን በረገድኩት።

ተኝታለች። በጎኗ፣ እግሯን አጥፋ፣ አንድ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ። ዓይኗን ጨፍናለች። ያን ያህል ጊዜ አብረን ስንቀመጥ ዓይኗ ተጨፍኖ አይቼው አላውቅም ነበር። ሳሙናው ከካልሲው ወጥቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አይጠብቀውም። በሩን መልሼ ዘጋሁና እዚህ መጥቼ የቀረውን ጻፍኩልሽ።

ፔዳሉን ያስተማረችኝ ልጄ መሆኗን ነግሬያታለሁ። አላመነችኝም፤ ራስሽ በሁለት መስመር ብትጽፊላት ደስ ይለኛል። ባልሽን ሳሚልኝ። ቆመሽ አትብዪ።

የምትረግጪው መሬት ይጽናልሽ፤ ትንፋሽሽ ሳይቸኩል ይግባ፣ ሳይቸኩል ይውጣ፤ ልብሽ የትም ቢሄድ መመለሻው አይጥፋበት። ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ።

የምትወድሽ እናትሽ
(እማማ መርፌ)

የረሳሁት፦ ለቁንዶ የሰጠኋት ቁልፍ የአባትሽን ነው። የበሩን መቆለፊያ አልቀየርኩም፤ ያንቺም ይከፍተዋል።